በአንድ ዓይን ያጎረስኩት ጉርሻ

እኔና ጎረቤቴ ጋሽ ደስታ በአጥር ተኳርፈን ከርመን ነበር። እሳቸው «አጥርህን ወደ ግቢዬ አስገብተሃል» ይሉኛል፤ እኔ «በዓይኔ ለክቼ ነው ያጠርኩት፣ ንቅንቅ የለም» እላለሁ። ነገሩ ቀበሌ ሳይደርስ የአዲስ ከተማ ሽማግሌዎች ይዘውን ተቀመጡ። ይቅር ተባባልን፣ አሣ ጉላሽ ቀረበ፣ «በሉ ተጎራረሱ!» ተባልን። እኔ ደግሞ በያጅ ነኝ፤ በዚያው ሰሞን የብረት ፍንጣሪ ገብቶብኝ ግራ ዓይኔ በፋሻ ታሽጓል። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ዘረጋሁ። አፋቸው ጋ ደረስኩ ብዬ ለቀቅኩት፤ ለካ ገና ነኝ! ቀዩ ወጥ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ተዘረገፈ።

ጋሽ ደስታ «በሽማግሌ ፊት ሊያዋርደኝ ነው!» ብለው ሊነሱ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ። «ጋሼ ይሙቱ፣ ላዋርድዎ ብዬ አይደለም! ሐኪሙ ነግሮኛል፤ አንዱ ዓይን ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ያየውን አእምሮ ሲያጋጥመው ነው ርቀት የሚታወቀው። በአንዱ ዓይን ብቻ አፍዎ ይታየኛል፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን አላውቅም። ደግሞ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለተኛውን ሳላጎርስዎ አልለቅም።» ነውርም ቢሆን ግራ እጄን አገጫቸው ላይ አደረግኩ፤ ቀኝ እጄን በእሱ እየመራሁ አስጠጋሁና ጉርሻውን እንዳለ አስገባሁት። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ደስታ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ፣ ሸሚዛቸውን አዩ፣ ከዚያ ፋሻዬን።

«እሺ ልጄ» አሉ፣ «አጥሩን ስትለካስ የትኛው ዓይንህ ነበር የታሸገው?»