የጥንት ዕቃ ቤት

«አሚኔ፣ ሰላም ነሽ? በርበሬሽ እንዴት ቀልቶልሻል፣ ማሻአላህ! ዘንድሮ መስቃንን ዝናቡ አልበደላትም መሰል…» አለች ሰፍያ፣ ቡታጅራ ገበያ ቅቤዋን ዘርግታ። ዓይኗ አሚኔ ላይ ነው፤ ነገሩ ግን ከጀርባቸው በርበሬ በቁና ለሚያሰፍረው፣ ለጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ነው። ትናንት እናቱ ደጇ ድረስ መጥታ ቁራሽ ቆጮ ለምናታለች። ሰፍያ ይህን ሳትነግረው አታልፍም። ስም ጠርታ መሳደብ ግን አታውቅበትም፤ ማመስገን ነው የምታውቅበት።

«ሹሙ የከፈተውን የጥንት ዕቃ ቤት አየሽው? ወይ ጉድ! የሸክላ ጣባው፣ ጅባ ምንጣፉ፣ የአባቶቻችን በርጩማ… በወግ ተደርድሮ፣ ገመድ ተወጥሮለት። አንድ ብልህ ልጅ ነው አሉ የለቃቀመለት። ሌላው ቢሆን ከጎረቤት ይጀምር ነበር፤ እሱ ከእናቱ ጓዳ ጀመረ። ታዲያስ፣ ከእናት የሚቀርብ ማን አለ?

«የእንሰት መፋቂያ ሳንቃዋን ወሰደላት። አርጅታለች፣ ትረፍ ብሎ ነዋ! የነቀለችው እንሰት ጓሮ ተጋድሞ ይበሰብሳል… ይበስብስ እንጂ! መፋቅ የጥንት ሰው ሥራ ነው ተብሏል፤ የጥንት ሰው ደግሞ መቼ ይርበዋል?

«ኧረ እሷንም አልረሳትም! እንግዳ የመጣ ቀን አስጠርቶ ከገመዱ ወዲያ ያስቀምጣታል። በዚያችው ሳንቃ ስትፍቅ መኮንኖቹ ፎቶ ያነሳሉ። ‹ቀስ በይ እንጂ› ይላታል አሉ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር… ወንድ ልጅም ያስተምራል ለካ! የፋቀችውስ? እሱማ የዕቃ ቤቱ ነው፤ እሷ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

«አንዱ መኮንን ‹ይቺ ሴትዮ ማናት?› ቢለው ምን አለ መሰለሽ? ‹እኔ እንጃ፣ አንዲት የገጠር ሴት ናት።› በጣሊያንኛ ነው ያለው፣ እንዳይከፋት ተጠንቅቆ። የዕቃ ቤቱ ዘበኛ ነው የነገራት፤ አስተርጓሚ መቼ ጠፋ በዚህ አገር! ጨዋነቱን አየሽ? እናቴ ናት ብሎ ሰው ፊት አይመጻደቅም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይላሉ… ተይው፣ አህያስ አመዷን አትክድም።»

ከጀርባቸው መስፈሩ ቆመ። ሰፍያ ዞር እንኳ ሳትል ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ያ አላህ፣ ለዚህ ልጅ ረጅም ዕድሜ ስጠው! ልክ እንደ ራሱ ያለ ልጅም ስጠው… እናቱን እንዳከበራት፣ ልጁም እንዲሁ ያክብረው። አሚን በይ እንጂ፣ እህቴ!»