ወደ ቤት የምትወስደኝ መኪና

ክቡራትና ክቡራን የጋራዡ ሰዎች፣ እየበላችሁም ቢሆን የምትሰሙኝ፤ ለዚህ የስንብት ዝግጅት አመሰግናለሁ። ሃጋር፣ ይህን ሳምቡሳ የመሰለ ቡሬካስ ከቢሮ እዚህ ድረስ ተሸክመሽ ስላመጣሽ እጅሽ ይባረክ። ኢታማር፣ የጋራዡ ጌታ፣ ያን ጯሂ ኮምፕረሰር ስላስጠፋህልኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ግቢ ውስጥ ድምፄ ከዳር እስከ ዳር ሲሰማ ዛሬ ገና ነው።

የምናገረው በአማርኛ ነው። በዕብራይስጥ ስናገር እንደ ሕፃን ታዩኛላችሁ። ቢረሳው ለኢታማርና ለሃጋር ይተርጉምላቸው። ቢረሳው ልጄ፣ አደራ፣ ሳታሳምር ተርጉም። የመኪና ወንበር ስትሰፋ ቀዳዳውን እንደምትሸፍነው የኔንም ነገር እንዳትሸፍንብኝ።

ከጠዋት ጀምሮ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ማናዬ፣ የትኛዋን መረጥሽ?» የቤቱ ልማድ ነው፤ ከዚህ የሚሰናበት ሠራተኛ እዚህ ለሽያጭ ከቆሙት የአሜሪካ መኪኖች አንዷን ለመሸኛው ይመርጣል። ከዚያ ኢታማር ራሱ እየነዳ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ ደጁ ድረስ ያደርሰዋል። ገዢ ቀብድ የከፈለባት እንኳ ብትሆን፣ ሠራተኛው ከመረጣት እሷው ናት። ኢታማር በዚህ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ይህን እመሰክርለታለሁ፤ ሌላውን ቀስ ብዬ እናገራለሁ።

ከኔ ጋር መኪና ታጥብ የነበረችው ጠጅቱ ስትሰናበት፣ ጣሪያ የሌላትን ቀይዋን ካዲላክ መረጠች። ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ፣ ምራቷ ሳይቀሩ ተጫኑባት። ሁለታችንም የምንኖርበት ቂርያት ማላኪ ሲገቡ ሰው ከየሰገነቱ እልል አለ። በማግስቱ ጎረቤቶቼ «ትናንት ሠርግ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኋቸው። ምን ልበል?

እኔ እዚህ ስገባ ፊደል አልለይም ነበር። ዕብራይስጥ በምንማርበት ኡልፓን ውስጥ አስተማሪዋ «አንብቢ» ስትለኝ ላብ ያጠምቀኛል። እዚህ ግን መኪኖቹ መስታወት ላይ ወረቀት ይለጠፋል። አንዱ «ሽሙራ» ይላል፤ ሳትበላሽ ተጠብቃ የቆየች ማለት ነው። ሌላው «ለሺፑጽ» ይላል፤ ገና ብዙ ሥራ የሚቀራት፣ የምትታደስ። ስፖንጄን ይዤ ከመኪና መኪና እየሄድሁ እነዚህን እየደጋገምሁ አነበብሁ። መኪና «ተሳሳትሽ» አይልም።

ሥራውን መልመዱ ነው የከበደኝ። አንድ ጊዜ ከገደራ፣ ከብርቱካን ማሳ መጋዘን ውስጥ አንዲት ሼቭሮሌት አመጡ። አቧራ ለብሳ፣ የእርግብ ኩስ ተጋግሮባት። እኔ ምን ላድርግ? መኪና አጣቢ ነኝ። እንደ መስታወት አድርጌ አጠብኋት። ኢታማር መጣና ራሱን ያዘ።

«ማናዬ! ምን አደረግሽ?»

«አጠብኋት።»

«አቧራዋን እኮ ነው ሰው የሚወደው! ማንም እንዳልነካት የሚታወቀው በአቧራዋ ነው!»

«እንግዲያው ቤቴ ና። ከቁም ሳጥኔ ላይ ያለውን ጠርገህ ውሰድ» አልሁት።

ያን ጊዜ ቢረሳው ፈርቶ አልተረጎመውም። ዛሬ ተርጉምለት።

ሳቃችሁ፤ ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ የማያስቀውን ስሙ።

ከጋን ያቭኔም ከሌላም አገር ገዢ ይመጣል። ፎቶ ሲያነሳ «ሴትዮ፣ ትንሽ ወደዚያ በይ» ይለኛል። እወጣለታለሁ። የስንት መኪና መልክ ያሳመርሁ ሰው፣ በአንዱም ማስታወቂያ ላይ ጥላዬ እንኳ የለም። ምሳ ስትበሉ እናንተ ከኮምፕረሰሩ ወዲያ ክብ ሠርታችሁ ትቀመጣላችሁ። አልጠራችሁኝም አልልም። መጀመሪያ ሰሞን ጠርታችሁኝ አፍሬ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ መጥራቱን ተዋችሁት። ደግማችሁ ብትጠሩኝ እመጣ ነበር።

ኢታማር ደግሞ ለገዢ «ማናዬም ሽሙራ ናት» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ መኪና አይደለሁም ኢታማር። መኪና ቢዘገይም ገዢ ይመጣለታል።

«በይ እንግዲህ ዕረፊ፣ ከልጅ ልጆችሽ ጋር ተቀመጭ» ትሉኛላችሁ። የት? ልጄ ታሪኩ ገደራ ነው። ልጄ ታፈሰች፣ አሁን ስሜ «ሊኖር» ነው የምትለው፣ ያቭኔ ናት፤ ሁለቱም በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ባሕር ማዶ ቢሆኑ ባሕሩን እወቅስ ነበር። ለዛሬ ሁለቱንም ጠርቻቸዋለሁ። «ኑ፣ አብረን በመኪናዋ እንሂድ፣ ሰፈሩም ይየን» አልኋቸው። ታሪኩ «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። በሻባት፣ ቅዳሜ እንመጣለን፣ ቤሰደር?» አለኝ። ቤሰደር፣ እሺ አልሁት። ሊኖር ቀይ ልብ ላከችልኝ፤ ያቺን በስልክ የምትላከዋን።

ነጯን ኢምፓላ እንደምመርጥ ተወራርዳችኋል፤ ሰምቻለሁ። ታምራለች። ቀለሟ እንኳ ከተሠራች ጀምሮ ያው ነው። የኋላ ወንበሯ ግን እንደ አልጋ ሰፊ ነው። እዚያ ላይ ብቻዬን ተጎልቼ፣ ኢታማር ጥሩምባ እየነፋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ «ሌሎቹስ የት አሉ?» ሲል? አላደርገውም። ደግሞስ ከደረስሁ በኋላ? ኢታማር መልካም ዕረፍት ይለኛል፣ እኔ በሬን ከፍቼ እገባለሁ። በነጋታው ማን ይጠብቀኛል?

ስለዚህ መርጫለሁ። ግድግዳው ሥር ያለችውን ሰማያዊዋን ፕሊሙዝ።

አትሳቁ። ቢረሳው፣ ኢታማር ምን አለ? «ሞተር የላትም» ነው ያለው? አውቃለሁ። ወለሏም ዝጎ መሬት ይታይባታል። ከሞሻቭ፣ ከገበሬዎቹ መንደር ስትመጣ ዶሮ ነበር የሚያድርባት። ዝናብ ሲጥል ምሳዬን የምበላው እሷ ውስጥ ነው፤ እግሬን የት እንደማሳርፍ ለይቻለሁ። ልማዱ ሠራተኛው ይምረጥ ይላል፤ እኔም መረጥሁ። ወይስ ልማዱ ለጠጅቱ ብቻ ነበር?

እንግዲህ እሷ በእግሯ እስክትሄድ ድረስ የኔ ስንብት አላለቀም። ሞተር ፈልጉላት። ወለሏን በይዱ። ቢረሳው ወንበሯን ይስፋ። እኔም ዝገቷን እየፋቅሁ፣ መስታወቷን እየወለወልሁ እረዳለሁ። ደመወዝ አልጠይቅም። ጠዋት ስገባ «ሻሎም ማናዬ» የሚለኝ ሰው ነው የምፈልገው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለበትም። ተሠርታ እስክታልቅ ልጆቼ ጊዜ ያገኙ ይሆናል። ባያገኙም እናንተ አላችሁ፤ ተጠጋግተን እንቀመጣለን።

ኢታማር፣ አሁን አትመልስልኝ። በሰው ፊት እሺ ብትለኝ ለሰው ብለህ ነው፤ እንቢ ብትለኝም ቡሬካሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ዛሬ እንደ ወትሮዬ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።

ልመርቃችሁ። ቢረሳው፣ መርፌ የሚያየውን ዓይንህን ያቆይልህ። ሃጋር፣ ልጆችሽ ከወታደር ቤት በሰላም ይግቡልሽ። ኢታማር፣ የማይነዘንዝ ገዢ ይስጥህ። የሁላችሁንም እጅ ከማሽን፣ ጀርባችሁንም ከስብራት ይጠብቅ። ስታረጁ በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው አይጥፋ፤ በስልክ ልብ የሚልክ ሳይሆን የሚያንኳኳ። ይህችኛዋን ከልቤ ነው የመረቅኋችሁ፤ ምን እንደሆነች ስለማውቃት።

እሑድ ጠዋት፣ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር፣ በሩ ላይ ነኝ። ከከፈታችሁልኝ ወደ ፕሊሙዟ እሄዳለሁ። ካልከፈታችሁልኝም አውቶቡሱ ተመልሶ እስኪመጣ እዚያው እቆማለሁ፤ ወደ ሥራ ስትገቡ አንዳችሁ ሰላም ሳይለኝ አያልፍም።

አሜን በሉኝ።