በገረሱ ፊኛ ውስጥ የተገኘው ድንጋይ

እንጦጦ ማርያም ገና አዲስ ሳለች ነው። ባሻ ከበበ ሰባት ቀን ሙሉ የልጅ ልጃቸውን ጠበል ሲያስጠምቁ ሰንብተው፣ በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ በቅሏቸውን እየሳቡ ወደ ቀበና ይወርዱ ነበር። ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ልጅ ገረሱ ይባላል፤ ዕድሜው አምስት ዓመት ነው። አባቱ ዘመቻ ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ ስለሆነው፣ በልጁ ጉዳይ የሚያዝዙት አያቱ ነበሩ።

የልጁ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከመንገዱ ዳር ምንጭ ሲያይ ጊዜ አያቱን ጠራ።

“አባባ፣ ውሃ።”

“ጠዋት ጠጥተሃል።”

“በእፍኝ ብቻ እኮ ነው።”

“ከጠጣህ ትሸናለህ፤ ከሸናህ ታለቅሳለህ። ዝም በል፣ የኔ ጌታ።”

ጥቂት እንደ ሄዱ ልጁ “አውርደኝ፣ አውርደኝ!” እያለ ኮርቻውን ይቧጥጥ ጀመር። ባሻ መንገዱን ወደ ላይና ወደ ታች አዩና ማንም አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ከአንድ ትልቅ ጥድ ጀርባ ወሰዱት። ልጁ ቆሞ ጀመረ፤ ሽንቱ ግን ጥቂት ወርዶ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ በእጁና በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ግንባሩንም መሬት አስነክቶ እየጮኸ ጨረሰ። ባሻ ከጎረቤት ሁሉ የሸሸጉት ነገር ይህ ነበር። የቤታቸው ወራሽ እንደ በግ ተደፍቶ ይሸናል ከሚባል ሞተ ቢባል ይሻላቸው ነበር።

ቀና ሲሉ ከጥዱ ወዲያ አንድ ወጣት ቆሟል። ጥላ ሥር አርፎ ቆሎ ሲበላ ኖሮ፣ እጁ ላይ ያለው ቆሎ እንዳለ ቀርቷል።

“ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጁን አይቻለሁ።”

“አላየህም!” አሉ ባሻ፣ እጃቸውን ጎራዴያቸው ላይ አድርገው።

“ሽንቱ ደህና ይጀምርና ድንገት ይቆማል፤ ሲንበረከክ ተመልሶ ይመጣል። ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው?”

“አንተ ማን ነህ? ጠንቋይ ነህ?”

“አካሉ እባላለሁ። የካ ሚካኤል አጠገብ ነው የተወለድሁት። በልጅነቴ ወደ ምጽዋ ወስደውኝ ሰባት ዓመት ተማርሁ። አሁን ቀበና ዳር ድንኳን ለተከለው የባሕር ማዶ ሐኪም አስተርጓሚና ረዳት ነኝ።”

“የፈረንጅ አሽከር ነኝ አትልም?”

“አስተርጓሚ ነኝ።”

“ያው ነው። አሽከር ሁለት ቋንቋ ሲያውቅ አስተርጓሚ ይባላል።”

አካሉ ፈገግ አለ እንጂ አልተቀየመም። ባሻም ስድባቸው ሳይነካው ስለ ቀረ ትንሽ አፈሩ። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

“የልጁ ነገር ግልጽ ነው። ቡዳ በልቶታል። ሰባት ቀን ጠበል አስጠምቄው መመለሴ ነው። ሰው የሆነ ሰው በአራት እግሩ አይሸናም።”

“ሰባት ቀን ሲጠመቅ ቡዳው ለፈለፈ?”

“ልጁ ብርድ ብርድ ብሎት ጮኸ እንጂ ቡዳውስ አንድ ቃል አልወጣውም።”

“ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም በጠበል ያደግሁ ነኝ። ግን ልጁ የሚደፋው ጋኔን ስለያዘው አይመስለኝም። ብልኅ ስለሆነ ነው።”

“ብልኅ?”

“በፊኛው ውስጥ ድንጋይ ያለ ይመስለኛል። ሲቆም ድንጋዩ ተንከባልሎ የሽንቱን በር ይደፍነዋል። ሲደፋ ከበሩ ይርቅለታል። ማንም ሳያስተምረው ራሱ ያገኘው ዘዴ ነው።”

“ልጄ ድንጋይ አልበላም!”

“አልበላም። ከራሱ ሽንት የሚጋገር ነው። ውሃ ሁልጊዜ የሚፈላበት ድስት ቂጡ ላይ ነጭ ቅርፊት ይይዝ የለም? እንደዚያ ነው። ብዙ ልጆችን አይይዝም፤ የያዘውን ግን አይለቅም። ሽንት ሲወፍር ደግሞ ቶሎ ያድጋል። ውሃ ስንት ጊዜ ይጠጣል?”

ባሻ የልጁን የተሰነጣጠቀ ከንፈር አዩ። ውሃ እንዳይጠጣ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። እናቱ ዲንቄ በስውር ስታጠጣው ሁለት ጊዜ አግኝተዋት ተቆጥተዋታል።

“እኔ ነኝ የከለከልሁት፤” አሉ በመጨረሻ።

“እንዳያለቅስ አዝነው እኮ ነው።”

“አታባብለኝ!” ብለው ተነሡ። ቅላቸውን ከምንጩ ሞልተው ለልጁ ሰጡት። ገረሱም እስኪጠግብ ድረስ ጠጣ፤ ባሻም ፊታቸውን ወደ ጫካው አዞሩ።

ሰው በፍቅር የሠራውን ስሕተት ማመን በክፋት ከሠራው ይልቅ ይከብደዋል። ባሻ ግን ይህን ካመኑ በኋላ ሌላውን ለመጠየቅ አልዘገዩም።

“ድንጋይ መሆኑን በምን ታውቃለህ?”

“አላውቅም፤ እገምታለሁ። በግምት ደግሞ ሰው አይቆረጥም። ሐኪሙ አስቀድሞ ልጁን በመድኃኒት አስተኝቶ ቀጭን ብረት በሽንቱ ቀዳዳ ያገባል። ብረቱ ድንጋይ ከነካ ይሰማል። ካልነካ ልጁን ይዘው ይመለሳሉ።”

“ከነካስ?”

“ከብልቱ በታች፣ እዚህ ጋ፣ በጣት ስፋት ያህል ይቀድና ያወጣዋል።”

ባሻ ብድግ አሉ። “ሊሰልብብኝ ነው! በጦር ሜዳ ያመለጥሁትን በደጄ?”

“ብልቱን ቢላ አይነካውም፣ አባቴ።”

“አይሞትም በለኛ! ለምን አትልም?”

“ሊሞት ስለሚችል። ሐኪሙ እንደሚለው ከአሥራ አምስት ልጆች አንዱ ይሞታል። ድንጋዩ ከቀረ ደግሞ ኵላሊቱን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል፤ ብዙ ዓመት አይኖርም።”

ባሻ ወጣቱን አተኩረው አዩት። ውሸታም ቢሆን ኖሮ “አይሞትም” ባለ ነበር ብለው አሰቡ።

“ዋስ ጥራ፤” አሉት።

“ዘመድ አልቀረኝም፤ እዚህ አገር ከራሴ በቀር ዋስ የለኝም።”

“እንግዲያው ቁራኛ እንሆናለን። ልጁ ድኖ እንደ ሰው ቆሞ እስኪሸና ድረስ ከእኔ አትለይም። ቢሞት ወይም ቢሰለብ ወደ ዳኛ አብረን እንሄዳለን።” እንዲህ ብለው የኩታቸውን ጫፍ ከአካሉ ኩታ ጫፍ ጋር እንደ ከሳሽና እንደ ተከሳሽ ቋጠሩት። አካሉ ቋጠሮውን አየና “እሺ” አለ።

ሌሊቱን ባሻ ቤት አድረው በማግስቱ ጠዋት ከእናቱ ከዲንቄ ጋር ልጁን ይዘው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ሐኪሙ ረዳቱ ከሽማግሌ ጋር ታስሮ ሲገባ አይቶ በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ።

“ምን አለ?”

“‘ከሁለት አንዳችሁን ብቻ ነው የቀጠርሁት’ አለ።”

“ደመወዝ አልጠይቅም በለው፤” አሉ ባሻ።

አካሉ ከሐኪሙ ጎን መቆም ነበረበት፤ ስለዚህ ባሻም ቆሙ። ያ ቋጠሮ ባይኖር ኖሮ ከድንኳኑ ውጭ ተቀምጠው ክፉ ክፉውን ብቻ ባሰቡ ነበር። አሁን ግን ሁሉን አዩ። ሐኪሙ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙናና በፈላ ውሃ ሲታጠብ አዩ። ልጁ በጨርቅ ላይ ጠብ የተደረገውን መድኃኒት አሽትቶ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ደረቱም ከፍ ዝቅ ሲል አዩ። ከዚያ ቀጭኑ ብረት ገባ።

ቅጭ!

ባሻ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። በጕልምስናቸው በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው ዘምተዋል። የመጠቅጠቂያው ዘንግ ጨርቅ ሲነካና የእርሳስ ጥይት ሲነካ ድምፁ እንደሚለይ እጃቸው ሳይቀር ያውቀዋል።

“ድገመው በለው።”

ሐኪሙ ደገመው። ቅጭ፣ ቅጭ!

“ሥጋ እንዲህ አይጮኽም፤” አሉ ባሻ። ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉና የልጁን ጉልበት ያዙ። “ይቅደድ በለው። እኔም ከዚህ አልነቃነቅም።”

ሥራው ባሻ ከጠበቁት ይልቅ ፈጣን ነበር። ሐኪሙ በመቆንጠጫ ያወጣው ድንጋይ የርግብ እንቁላል ያህላል፤ ላዩ ሻካራ ነው። ባሻ በመዳፋቸው ይዘው መዘኑትና፣ “ይህን ተሸክሞ ነው ለካ ውሃ ውሃ ሲለኝ የኖረው” አሉ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ማታውን እናቱ ዲንቄ የልጁን ጨርቅ ልትለውጥ ስትገልጠው ሽንቱ በቁስሉ ሲፈስ አየችና ጮኸች። ባሻ አዩ፤ ጎራዴያቸውን መዘዙ፤ ቋጠሮውን ስበው አካሉን በጉልበቱ ጣሉት።

“ሴት አደረጋችሁት! ብልቱ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ!”

“አባቴ፣ ይስሙኝ! ቁስሉ እስኪገጥም ድረስ የሚፈሰው በዚያ ነው። ሲገጥም በቀድሞው መንገድ ይመለሳል።”

“ለምን ቀድመህ አልነገርኸኝም?”

አካሉ ዓይናቸውን ሳያይ መለሰ። “የሚያውቁት መስሎኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።”

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው በዚህ ነው። እሱ ያወቀውን ሰው ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል፤ ሰው ሲፈራ ደግሞ ባላገርነት ነው ይላል። አካሉ ግን ጥፋቱን ስላመነ ጎራዴው ወደ ሰገባው ተመለሰ።

“እስኪገጥም ስንት ቀን ነው?”

“እስከ ሦስት ሳምንት።”

“ሦስት ሳምንት ከአንተ ጋር ታስሬ!”

“እኔስ ከእርስዎ ጋር? ሌሊት ሲያንኮራፉ እኮ ድንኳኑ ይነቃነቃል።”

ዲንቄ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

በእነዚያ ቀናት ሁለቱ ያልተከራከሩበት ነገር አልነበረም። ባሻ፣ “ከእኛ አገር ሐኪም አልነበረም ልትል ነው?” ብለው ሲጠይቁ አካሉ፣ “ወጌሻው የተሰበረ አጥንት ሲጠግን ይህ ሐኪም ተቀምጦ አይቶ ተምሯል፤ መማር ለአንድ ወገን ብቻ ለምን ይሆናል?” ይላቸዋል። “ታዲያ ውሃውን ለምን ታፈላዋለህ? ምንጭ አይቆሽሽም” ሲሉት፣ “ምንጩ ባይቆሽሽ እንስራችን ይቆሽሻል” ይላል። ባሻ አልረታም ይላሉ፤ ግን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ዲንቄ የቁስሉን ጨርቅ ሳታፈላ ብታመጣ የሚቆጡት እሳቸው ሆኑ።

በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ገረሱ ማንንም ሳይጠራ ተነሣ። ከድንኳኑ ወጥቶ እግሩን አንፈራጦ ቆመና በካስማው ላይ ሸና። ሽንቱ በቀድሞው መንገዱ ሳይቆራረጥ ወረደ። ሲጨርስ ዘወር ብሎ፣ “አባባ፣ ውሃ አምጣልኝ” አለ። ባሻ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱ። የአካሉንም ራስ ይዘው ግንባሩን ሳሙት።

የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ባሻ ከእንጦጦ ማርያም ደጀ ሰላም ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ያን ሲሸሽጉ የኖሩትን ነገር በሙሉ ተናገሩ። ልጃቸው ተደፍቶ ይሸና እንደ ነበረ፣ ውሃ እንደ ከለከሉት፣ በጕድለታቸው ሊገድሉት ምንም እንዳልቀራቸው አልደበቁም።

“ቡዳ በልቶት ነው ብላችሁ ልጅ አትደብቁ፤” አሉ። “ልጅ ሽንቱ ቢቆራረጥበት፣ ቢያመው፣ ደም ቢቀላቅል ውሃ አትከልክሉት፤ ሐኪም ይየው። የሐኪሙ ብረት ዝም ካለ ልጃችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ድንጋይ ካለ ግን ሳያድግ ይወጣለታል። ጠበሉም የትም አይሄድባችሁም። እኔ ጠበል አስጠምቄም፣ ሐኪም አሳይቼም፣ ልጄን በሕይወት ይዤዋለሁ። ሁሉ ይድናል አልላችሁም፤ ከአሥራ አምስት አንዱ ይሞታል ብሎ የነገረኝን ሰው ነው ያመንሁት። የተደበቀን ግን ማን ያድነዋል?”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ “ባሻ በስተርጅና ፈረንጅ ሆኑ” ብሎ ሳቀ። ሌሎቹ ግን አልሳቁም፤ ልጅ የሌለው ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።

ሰው ሲበተን አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከግንቡ ጥግ ጠራቻቸው። ከየካ የመጣች ሎሚ የምትባል ናት።

“ባሻ፣ የኔ ልጅ ሽንቷ ደህና ነው። የላይኛው ከንፈሯ ነው... ከተወለደች ጀምሮ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። አራት ዓመቷ ነው፤ ደጅ ወጥታ አታውቅም። ጎረቤቶቼ ልጅ ያለኝ አይመስላቸውም። ይህስ ይታከማል?”

ባሻ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

“እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ልጄ። ሳይታይ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ስሟ ማን ነው?”

ሴትዮዋ ነጠላዋን ከዓይኗ ገለጥ አደረገች። ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም።

“ሮማነወርቅ፤” አለች።

“ነገ ማለዳ በቅሎዬን ይዤ ከደጅሽ እመጣለሁ። ሮማነወርቅን አልብሻት ጠብቂኝ፤ ፊቷን ግን አትሸፍኚው።”