ሎሚ የማይፈውሰው

ወይዘሮ ተሻለች ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ሎሚ እየመረጡ ሳለ ከኋላቸው «እንደምን አረፈዱ፣ እማማ?» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዘወር ሲሉ ፋርሂያ ናት፤ የጎረቤታቸው የሃዎ ልጅ። ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ገበያ መሃል ሲያገኟት የመጀመሪያቸው ነበር።

ወይዘሮ ተሻለች ኩሩ ሴት ናቸው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆነው ከዚራ ሰፈር ተወለዱ፤ ባላቸውን በጊዜ ቢያጡም ልጆቻቸውን የሰው እጅ ሳያዩ አሳደጉ። በሰፈሩ ሙሽራ የምትሰናዳው በእርሳቸው እጅ ነው። ስለ ሴትነት ገበና በጆሮዋ የሚነግሯትም እርሳቸው ናቸው። በዚህም ክርስቲያኑም እስላሙም ያከብራቸዋል። ፋርሂያንም እናቷ ለንግድ ስትወጣ አዝለው ያሳደጓት እርሳቸው ስለሆኑ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ ባዩዋት ቁጥር ኩራት ኩራት ይላቸዋል።

ቅር የሚላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ይላል፤ መናቁ ሳይሆን መቅረቡ ነው። ፋርሂያ ግን ሕመምተኛ ማነጋገር ከጀመረች ወዲህ «እርስዎ» ማለት ለምዶባታል። ወይዘሮ ተሻለች ይህን ሲሰሙ ባዳ የሆኑ ይመስላቸዋል።

«ይህን ሁሉ ሎሚ ለምን ፈለጉት?» አለች ፋርሂያ።

«ለስምረት ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ስምረት የልጃቸው የዘርዓብሩክ ሚስት ስትሆን የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። «ፈሳሽ አስቸገራት። ነጭ ነው፤ ያሳክካታል። ብርድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሎሚ ለብ ባለ ውኃ፣ ጨው ጣል አድርጌ ውስጧን አጥባታለሁ።»

«አጥበዋታል እንዴ?»

«አንዴ ብቻ። አቃጠለኝ ብላ አለቀሰች። ዛሬ ውኃውን አበዛዋለሁ።»

ፋርሂያ እጃቸውን ይዛ ከግርግሩ ወጣ አደረገቻቸው። ቅመም ሻጯ ሚሬ ከሸራዋ ጥላ ሥር ሁለት በርጩማ ሰጥታቸው ወደ ደንበኞቿ ተመለሰች።

«እማማ፣ አይቆጡኝ» አለች ፋርሂያ። «ያ የሰውነት ክፍል ራሱን የሚያጸዳ ነው። ዓይን በእንባ እንደሚታጠበው ሁሉ እርሱም በገዛ ፈሳሹ ይታጠባል። ዓይንዎን በሎሚ ያጥባሉ?»

«ዓይንና እርሱን ምን አገናኘው? እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ይህን ሁሉ ሙሽራ ሳሰናዳ አንዲት ሴት ጉዳት ደረሰባት ሲባል አልሰማሁም።»

እውነት ነው፤ አልሰሙም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጉዳይ የተጎዳች ሴት መቼ ትናገራለች? ከመቃጠሉ ይልቅ ማፈሩ ይብስባትና ዝም ትላለች። ያቺ ዝም ስላለች ደግሞ ለተከታይዋም ያው ሎሚ ይጨመቅላታል።

«ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም» ስትል ፋርሂያ ቀጠለች። «ጤነኛ ሴት ሁሉ አላት። ጠራ ወይም ነጣ ያለ፣ መጥፎ ጠረን የሌለው ነው። በሁለት የወር አበባ መካከል እንደ እንቁላል ነጭ ይለጠጣል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ በዛ ይላል። ይህን ለማጥፋት ሳሙናም ሽቶም ወደ ውስጥ ማስገባት ተገቢ አይደለም። ውጪውን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል።»

«በይ፣ ስምረትም ነፍሰ ጡር ናት። እንግዲያው ጤነኛ ናት ማለት ነው» አሉ ወይዘሮ ተሻለች የረቱ መስሏቸው።

«ልዩነቱ ማሳከኩ ነው። ፈሳሹ አይብ ይመስላል?»

«ይመስላል» አሉ ሳያስቡት።

«ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም። ነፍሰ ጡር ላይ ይዘወተራል፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው። ግን በግምት አይሰጥም። ዓሣ ዓሣ የሚሸት አለ፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ አረፋ የሚመስል አለ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ከሆነ ባልም አብሮ መታከም አለበት፤ አለዚያ ተመልሶ ይመጣል። ከእምብርት በታች ሕመምና ትኩሳት ከታከለበት ደግሞ በዚያው ቀን መታየት ነው። አንዳንዱ ችላ ሲባል ፅንሱ ያለ ጊዜው እንዲወለድ ያደርጋል።»

ወይዘሮ ተሻለች ነጠላቸውን አስተካከሉ። የመጨረሻው ቃል አስደንግጧቸዋል፤ እጅ መስጠት ግን ልማዳቸው አልነበረም።

«አቦ ፋርሂያ፣ አንቺ መጽሐፉን ታውቂያለሽ፤ እኔ ሰውን አውቃለሁ። የልጄ ሚስት በዚህ ነገር ጤና ጣቢያ ሄደች ቢባል ‹ከየት አመጣችው?› አይባልም? የቤቴን ስም በገዛ እጄ ላጉድፈው?»

«ፈንገስ ያላገባችውንም ልጅ ይይዛል፤ መባለግ አያመጣውም። ስምረት የምትነግረኝንም ነገር ከእኔ ሌላ ማንም አይሰማውም፤ የሙያዬ አማና፣ አደራዬ ነው። ደግሞስ እማማ፣ እርስዎን የሚያኮራዎ የቱ ነው? ጎረቤት ሳይሰማ መቅረቱ ነው ወይስ የልጅ ልጅዎን በጤና መታቀፍዎ?»

አሮጊቷ ሎሚውን ማገላበጥ ያዙ። ጥያቄው የገባው ወደ ልባቸው ነበር፤ እዚያ ደግሞ ለማንም ያልነገሩት ሌላ ጉዳይ ተደብቆ ቆይቷል። ዓይናቸውን ከሎሚው ሳያነሱ «ደም የቀላቀለ ቢሆንስ?» አሉ። «ስምረትን አይደለም። አንዲት የማውቃት ሴት አለች። የወር አበባዋ ከቆመ ብዙ ዘመኑ ነው። አሁን እንደ ሥጋ እጣቢ ያለ ነገር ይፈስሳታል። ይሸታል።»

ፋርሂያ ፊታቸውን አየች። ሽቶ እንዲህ ደራርበው የሚቀቡት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እሁድ እሁድ «እግሬን አመመኝ» እያሉ ከቅዳሴ የሚቀሩት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት።

«አንቺ ነሽ?» አለች ቀስ ብላ።

ወይዘሮ ተሻለችን የረታቸው ያ «አንቺ» ነው። የነርሷ ሳይሆን በጀርባቸው ያደገችው ሕፃን ድምፅ ነበርና። «እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «ፈርቼ ነው። ካወቅሁት የምሞት ይመስለኛል።»

«ካላወቅሽው ነው የሚያስፈራው። ካንሰር ነው አላልኩሽም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል። ነገር ግን የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ብትሆን፣ ለነገ አይባልም። የማህፀን በር ካንሰር እንኳ ቢሆን በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ተነሺ፣ ስምረትን ይዘን እንሂድ።»

«ወንድ ቢያየኝስ?»

«እኔ አይሻለሁ። ሌላ ቦታ ብልክሽም ሴት ትየኝ ማለት ትችያለሽ።»

ወይዘሮ ተሻለች ሎሚውን ለሚሬ ትተው ተነሡ። ባጃጅ ይዘው ስምረትን ከቤት ወሰዷት። ልጅቱ ጤና ጣቢያ እንደሚሄዱ ስትሰማ አማቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ሎሚውን ፈርታ እንቅልፍ አጥታ ነበር። የተገኘባት ፋርሂያ እንደጠረጠረችው ፈንገስ ነው። ለነፍሰ ጡር የሚስማማ መድኃኒት ተሰጣት፤ ብዙም ሳትቆይ ማሳከኩ ለቀቃት።

የወይዘሮ ተሻለች ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። ፋርሂያ መርምራ ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው፤ እዚያም ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ የነበረው ጊዜ ረዘመባቸው። ለልጃቸው ለዘርዓብሩክ ራሳቸው ነገሩት። እርሱም «እኔ እያለሁ ብቻሽን ስትፈሪ ከረምሽ?» ብሎ እጃቸውን ሳመ፤ ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው አልተለያቸውም። ሐኪሟ የነገረቻቸው የማህፀን በራቸው ወደ ካንሰር ለመለወጥ የጀመረ ምልክት እንደታየበት፣ ካንሰር ግን ገና እንዳልሆነ ነበር። የታመመው ክፍል ተወገደላቸው፤ ክትትሉ ቀጠለ። «ዝም ብለው ቢቆዩ ኖሮ ይህን አልነግርዎትም ነበር» አለቻቸው ሐኪሟ።

ስምረት ወንድ ልጅ በደህና ተገላገለች። በክርስትናው ዕለት የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ለብቻቸው በተቀመጡበት ወይዘሮ ተሻለች ብድግ ብለው የደረሰባቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«ሎሚውን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ዛሬ የምሽረውም እኔ ነኝ» አሉ። «ፈሳሹ ቀለሙ ወይም ጠረኑ ከተለወጠ፣ ካሳከከ፣ ካቃጠለ፣ ደም ካሳየ፣ ከባል ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ ከደማችሁ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሠላሳ ዓመት ያለፋችሁ ምንም ባያማችሁ እንኳ የማህፀን በር ምርመራ አድርጉ። ለሴቶች ልጆቻችሁ ይህን ካንሰር የሚከላከል ክትባት አለ፤ አስከትቡ። በጊዜ የሄደች ሴት ጤናዋንም ፅንሷንም ታድናለች፤ ትዳሯም ከሐሜትና ከጥርጣሬ ይተርፋል። እኔ ሄጄ ድኛለሁ፤ አላፈርኩበትም። እኮራበታለሁ።»

ሃዎ ከተቀመጠችበት «ልጄ ናት ያዳነችሽ» አለች ፊቷ በርቶ።

«የእኛ ልጅ በዪ» አሉ ወይዘሮ ተሻለች።

ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ ወይዘሮ ተሻለችን አስቀድመው ጤና ጣቢያው በር ላይ ደረሱ። ዘበኛው ሮብሌ ይህን ሁሉ ሴት ሲያይ ግራ ገብቶት «ከእናንተ የታመመችው የትኛዋ ናት?» ሲል ጠየቀ።

«እርሱን የምንነግራት ሴት ውስጥ አለችልን» አሉ ወይዘሮ ተሻለች፤ ጓደኞቻቸውንም አስከትለው ገቡ።