መዳቡ ላይ ያልያዘው ቀለም

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ መዳብ የተለበጠች ትንሽ ሰሌዳ ይዛለች።

«ነገ ፕሮጀክቴን አቀርባለሁ፤ ይኸው ሰሌዳዬ ባዶ ነው» አለች። «የኩልፎ ወንዝ ሲሞላ የሚጮኸውን ሰርኪዩት ወረቀት ላይ አሳትሜ፣ መዳቡ ላይ አድርጌ በካውያ ተኮስኩት። ቀለሙ ግን አልያዘም።»

«መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገሽዋል?»

«እስኪያበራ ድረስ።»

«ካውያው አልጋለም ይሆናላ።»

«ጣቴን አቃጥሎኛል እኮ!»

«ታዲያ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ቀረ?»

«እሱ ነው የገረመኝ። ወረቀቱ ላይም የለም።»

«ቆይ፣ የታተመው ፊት ወዴት ነበር?»

«ወደ ላይ። መስመሩን እያየሁ ላስተካክል ብዬ።»

«አንቺ! ወደ መዳቡ እኮ ነው የሚደፋው! ከላይ ጨርቅ አድርገሽ ነበር?»

«የአከራዬን ነጭ ሸሚዝ። ጋሼ ተኩሽልኝ ብለው ሰጥተውኝ ነበር፤ በዚያው አንድ ላይ ተኮስኩትና አጥፌ ሰጠኋቸው።»

«አላየሽውም?»

«አላየሁትም። እሳቸውም ተቻኩለው ለበሱት። ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ላንቴ ሄደዋል።»

«በደረቱ በኩል ነው በጀርባው?»

«በጀርባው።»

«አይዞሽ፣ አንድም መስመር ሳይቆረጥ ታትሞልሻል።»

«አትሳቂብኝ! ደግነቱ ኮት ደርበዋል።»

«በዚህ ሙቀት? ላንቴ ላይ?»

መስኮቱን ከፍቼ ሰማዩን አየሁት፤ አንድም ደመና አልነበረበትም።