በእጅ የሚቀደድ ጥቅል ጎመን

ከዴራ ወደ አሰላ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጎረቤታሞች ያወሩ ነበር።

«ባሌ ቻይናዎቹ ካምፕ የሚበላውን ጥቅል ጎመን ሥሪልኝ እያለ አስቸገረኝ።»

«ታዲያ ብትሠሪለት ምናለበት?»

«ሠራሁለት። ‹በቢላ አይከተፍም፣ በእጅ ነው የሚቀደደው፤ እሳቱን አብዢው፣ አትክደኚው› አለኝ።»

«ሲሠሩ አይቶ ይሆናላ።»

«ሹፌር ወጥ ቤት አይገባም፤ ራሱ ነው የነገረኝ። አንዷ ቤቷ እየሠራች ታበላዋለች።»

«ኧረ በአላህ! ለጎመን ብለሽ ትጠረጥሪዋለሽ?»

«ጨርሼ ሳቀርብለት ደግሞ፣ አንድ ነገር ጎድሎታል አለኝ።»

«ኮምጣጤ ነዋ! ሊወጣ ሲል ጠብ ታደርጊበታለሽ።»

«አንቺ ቻይና ካምፕ ሠርተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«እኔ? ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ማን ሲያወራ?»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።