ያልተደረሰ ለቅሶ

ቀንዲልን የሰደበው ዐጥዋ ነው። ቀኑም ሐሙስ ነበር፤ የእርሻ ኮሌጁ የወተት ክፍል ለሠራተኛው አይብ የሚሸጥበት የጥቅምት የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ተማሪው በበሩ እንደ አንበጣ በሚጎርፍበት በረፋዱ ላይ። ቀንዲል ይህን ሲያስታውስ አንዲት ነገር አትዛነፍበትም። ዐጥዋ ያጠለቀው አዲስ የዘበኛ ኮፍያ፣ በግራ እጁ የያዘው የተገመጠ የባቄላ ሳንድዊች፣ ከንፈሩ ላይ ተለጥፋ የቀረችው ሰሊጥ እንኳ ሳትቀር ትታየዋለች።

«ሐጂ፣ መንገድ ጠፋብዎ እንዴ? ሆስፒታሉ እኮ በወዲያኛው በር ነው!»

አይብ ሊገዛ የመጣውን ሰው ይህን አለው። ደብተር ያቀፉ ልጃገረዶች ሳቁ። «ሐጂ» የተባለው መካ ስለ ሄደ ሳይሆን ጸጉሩ ስለ ሸበተ ነው፤ ያም ራሱን የቻለ ስድብ ነበር።

ዐጥዋ ማን ነው ቢሉ፣ እናቱ እያለቀሰች ብትመጣ ቀንዲል የኮሌጁን ጸሐፊ ደጅ ጠንቶ ያስቀጠረው ልጅ ነው። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ማለት ይሄ ነው። ግን ቀንዲልን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ስድቡ ብቻ አልነበረም። በዚያችው ቅጽበት የኮሌጁ አውቶቡስ ከኋላው ጥሩምባውን ነፋ። የእሱ አውቶቡስ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪውን የጨበጠው፣ በማርሹ ድምፅ ብቻ ሕመሙን የሚያውቀው። ዐጥዋ ሳንድዊቹን ከኪሱ ከቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ሰላምታ ሰጠ። በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው የተቀበሉት ዶክተር ፊክሪ ነበሩ።

ዶክተር ፊክሪ የአፈር ሳይንስ መምህር ናቸው። ከቀንዲል ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይኖራሉ፤ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እሱ ምድር ቤት። ስድሳ ዓመት የሞላቸውም በአንድ ዓመት ነው። ታዲያ የመንግሥት ሕግ ለፕሮፌሰሩ «ከማስተዳደር ሥራ ነፃ ሆነሃል፤ ስምህ ግን እስክትሞት በራፍህ ላይ ይኑር» ሲል፣ ለሹፌሩ «ቁልፉን ነገ ጠዋት አስረክብ» ይላል። ቀንዲል አስረከበ። የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት። ከእንግዲህ ለማይቸኩል ሰው ሰዓት!

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ዓመት አልፏል። ቀንዲል በየጠዋቱ ከሕንፃው ሥር ባለው የዲያብ ሻይ ቤት፣ ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ትይዩ ይቀመጣል። ዶክተሩ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲሳፈሩ በዓይኑ ይሸኛቸዋል፤ ሲመለሱም ይቀበላቸዋል። አዲስ ከረባት ካሠሩ ያውቃል። እግራቸውን ካነከሱ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ የዚያን ቀን ሻዩ ይጣፍጠዋል።

«ወይ ቀንዲል!» ይለዋል ባለ ሻይ ቤቱ ዲያብ። «ይቺን አውቶቡስ ያኔ ብታገባት ኖሮ እኮ እኛም እናርፍ ነበር!»

ቅናት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ባለቤቱን ከወንበር ላይ ሳያስነሳ ያደክመዋል።

አንድ ቀን ግን አውቶቡሱ ሳይመጣ ቀረ። ዶክተር ፊክሪ ቆመው ቆመው ሲሰለቻቸው መንገዱን ተሻገሩና፣ ገብተውበት ወደማያውቁት ሻይ ቤት መጥተው ከቀንዲል ፊት ወንበር ሳቡ።

«ሰላም ላንተ ይሁን፣ ቀንዲል። ተበላሸች መሰለኝ።»

«ፍሪሲዮኗ ነው» አለ ቀንዲል በእጁ የያዘውን የዶሚኖ ድንጋይ እያየ። «አዲሱ ሹፌር እግሩን እላይዋ ላይ አስተኝቶ ነው የሚነዳት። ይቀመጡ ዶክተር፤ ተቀምጠዋል ለካ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደግ አደረገች። አንተን የማገኝበት ምክንያት ሰጠችኝ። የምነግርህ ነገር አለኝ።»

«እኔን ለማግኘት አውቶቡስ መበላሸት አለበት? ቤቴ እኮ ከእርስዎ ደረጃ ሥር ነው።»

ዶክተሩ ፈገግ አሉና ነገራቸውን ቀጠሉ። የኮሌጁን ዲን ሲለማመጡ ከርመው በግቢው ያለው የድሮው የዘር መጋዘን በሐሙስ ሐሙስ ለጡረተኞች መገናኛ እንዲሆን ፈቃድ አግኝተዋል። ግን ዲኑ «የመምህራን ብቻ ከሆነ አልሰጥም፤ ሠራተኛውም ይምጣ፤ ካልመጣ ለቢሮ ዕቃ ማከማቻ አደርገዋለሁ» ብሏል። መጪው ሐሙስ መፈተኛው ነው።

«ሹፌሮቹ፣ የወተት ክፍሎቹ፣ የእርሻ ሠራተኞቹ፣ ጸሐፊዎቹ፣ ሁሉም አንተን ነው የሚያዩት። አንተ ከመጣህ ይመጣሉ።»

«ገባኝ» አለ ቀንዲል። «ወንበር የሚደረድር ሰው አጣችሁ።»

«አስተግፊሩላህ!»

«ታዲያ እርስዎ ምን ቸገረዎት? ከዚያ ግቢ መቼ ወጡና ነው መመለሻ የሚፈልጉት? ስምዎ በሩ ላይ፣ ዐጥዋ ሰላምታ ላይ፣ አውቶቡሱ ደጃፍዎ ላይ! የጠገበ ሰው ለተራበ ምግብ ያማርጣል አሉ።»

ዲያብ ሻይ ይዞ መጣ። ዶክተሩ ስኳራቸውን ብዙ ጊዜ አማሰሉ። ከዚያ፣ እንደ ተማረ ሰው ሳይሆን እንደ ተከፋ ሰው ተናገሩ።

«ቢሮዬን ታውቀዋለህ? አራት ሽማግሌ በአንድ ጠረጴዛ ነን፤ በየተራ ነው የምንቀመጠው። የኔ ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳ ነው። ወጣቶቹ ‹በረከታችን› እያሉ ግንባሬን ይስሙና ይሄዳሉ። ከጸደይ ወዲህ አንድ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሽንት ቤቱ የት ነው ብሎ ከጠየቀኝ እንግዳ በቀር። ዐጥዋም ሰላምታ የሚሰጠው ለኔ መሰለህ? ለአውቶቡሱ ነው። አንድ ቀን በእግሬ ብመጣ እኔንም ወደ ሆስፒታሉ ነው የመራኝ።»

ቀንዲል ዶሚኖውን አስቀመጠ።

«እውነትዎን ነው?»

«ወላሂ! ደግሞ ሌላም ልንገርህ፤ ትስቅብኝ እንደሆነ ሳቅ። በየጠዋቱ ከመስኮቱ አይሃለሁ። የዶሚኖውን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ስታጮኸው፣ ዲያብ ሲሰድብህ፣ አንተ ስትሰድበው። ይሄ ሹፌር ምን ያለ ዕድለኛ ነው እላለሁ። ቀንቼብሃለሁ።»

ሰው በእሱ ይቀናል ብሎ ቀንዲል በሕልሙም አስቦ አያውቅም። ነገሩ እንደ ማር ጉሮሮውን ሲያልፍ ተሰማው።

«ምን አሉኝ?» አለ፣ በደንብ ሰምቶ ሳለ።

«ቀናሁ አልኩህ።»

«ዲያብ! ሰማህ ዶክተሩ የሚሉትን?»

«ሰማሁ» አለ ዲያብ ከምድጃው። «በአንተ ለመቅናት ለካ ዶክተር መሆን ያስፈልጋል!»

ሦስቱም ሳቁ። ነገር ግን የቆየ ቂም በአንድ ሳቅ አይነቀልምና ቀንዲል ተመልሶ ፊቱን አጠቆረ።

«እንግዲያው ሁለታችንም እንዳለን እንቀመጥ። ያለቀ ጎማ ይጣላል፤ አዲስ ይገባል። ያለቀውን በየሐሙሱ እየመለሱ ካዲሱ ጋር ሲያስተዋውቁ አይቼ አላውቅም።»

«መለዋወጫ ሳትይዝ ከከተማ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«አላብድም!»

«የያዝከው ምን ጊዜም አሮጌውን ነበር። በአሌክሳንድርያ መንገድ፣ በዚያ ዝናብ፣ ከነሱሪዬ ጭቃ ገብቼ አብሬህ የቀየርኩት አሮጌ ጎማ አልነበረም? ያ አሮጌ ባይኖር ተማሪዎቹ እዚያው ያድሩ ነበር።»

«መፍቻውን ገልብጠው ነበር የያዙት» አለ ቀንዲል ሳይወድ ፈገግ እያለ። «ግን አይሆንም፣ ዶክተር። ዐጥዋ ካዋረደኝ ቀን ጀምሮ በኡም ሐናን መቃብር ምያለሁ። ያንን በር አልረግጥም።»

ኡም ሐናን የሞተችው ሚስቱ ናት። ዶክተሩ ስሟን ሲሰሙ ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አላህ ይርሐማት። በለቅሶዋ ማን ቀርቶብህ ነበር?»

«ማን ይቀራል? ያኔ እኮ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ። አውቶቡሷ ሁለቴ ተመላልሳ ነው ሰዉን ያመጣችው። ሸለቢ ደግሞ ሦስት ሌሊት ከድንኳኑ ሳይወጣ ቡናውን ቀዳ።»

«የወተት ክፍሉ ሸለቢ?»

«ሌላ ሸለቢ አለ?»

«በእሱ ለቅሶስ አንተ ምን ቀዳህ?»

ቀንዲል የሻይ ብርጭቆውን ገፋ አደረገ። የሸለቢን ሞት የሰማው አርባው ካለፈ በኋላ፣ ከባቄላ ሻጩ ነበር። ያኔ ሳሕኑን እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሸለቢ ሠፈር አላለፈም። ለቅሶ ብድር ነው፤ ቆመውልህ ካልቆምክ፣ የሟቹ ልጅ ዓይን ውስጥ የምታየው ፊት የለህም።

«አልሰማሁም!» አለ በመጨረሻ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ። «በልጄ ይሁንብኝ አልሰማሁም!»

«እኔም አልሰማሁም» አሉ ዶክተሩ በቀስታ። «በዚያው ቀን ቢሮዬ ነበርኩ። ፕሮፌሰር ሲሞት በኮሌጁ በር ላይ የሐዘን ጨርቅ ይሰቀላል። ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሲሞት ጓደኛው ይጮኻል። ጡረታ የወጣ አይብ ሠሪ ሲሞት ማን ለማን ይነግራል? ልጁ ረጅም ድንኳን ተከራይቶ፣ የአባቱን ሠላሳ ዓመት አስቦ ወንበር አስደርድሮ ነበር። ቁርኣን የሚቀራው ሰው ለባዶ ወንበር ሲቀራ አመሸ። ከኮሌጁ የመጡት አራት ሰዎች ናቸው። በሦስተኛው ሌሊት ልጁ ከነዚያ አንዱን ‹አባቴ ሰው በድሎ ነበር ወይ?› ብሎ ጠየቀው።»

ዲያብ እንኳ ብርጭቆ ማጠቡን አቆመ።

«ሸለቢ? ሸለቢ ሰው ይበድላል?» አለ ቀንዲል። «ለድመት እንኳ ከአይቡ ቆርሶ…»

«ልጁ ይህን በምን ይወቅ? ማንም ጠልቶት አልቀረም፤ የሚሰማበት ቦታ ስለሌለን ነው የቀረነው። አንተ በዐጥዋ ተናደህ ቤትህ፣ እኔ በግድግዳዬ ፊት ለፊት፣ ሌላው በረንዳው ላይ። የቀድሞ ነርሳችን ከእሷ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር የእርሻ ሠራተኛ ደም ብዛቱ ጨምሮ ወድቆ አላወቀችም። እኔን የተካችው ልጅ ደግሞ የሰሜኑ ማሳ ጨው ያወጣበትን ምክንያት ስትፈልግ ዓመት ፈጀች። የማሳው የውሃ ቦይ ሲቆፈር የነበሩት ሰዎች ሁሉ በሕይወት ነበሩ፤ ማንን እንደምትጠይቅ አላወቀችም እንጂ።»

እዚህ ላይ የዶክተሩ ንግግር ልክ ነበር ማለት ያስፈልጋል። ሰው ከሥራው ሲወጣ የሚያጣው ደመወዙን ብቻ ይመስለዋል፤ የሚያጣው ግን ወሬውን ነው። ማን ታመመ፣ ማን ዳረ፣ ማን ሞተ የሚለውን። ወሬ የተቋረጠበት ሰው ቦታውን በጥርጣሬ ይሞላዋል፤ ‹ረሱኝ፣ ናቁኝ› ይላል። ቅናትም ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው የሚበላው፤ ጠጋ ብለው ካዩት ጠግቦ ሳይሆን ተርቦ ይሞታል። አውቶቡስ ላይ ያለው ወንበር ከሻይ ቤቱ ወንበር እንደማይሻል ቀንዲል የሰማው፣ ሰውየው ከፊቱ ሲቀመጥ ነው።

ቀንዲል ፊቱን በእጁ ጠረገና እንደ ገበያተኛ ተነሣ።

«እሺ፣ ሰው አመጣለሁ። ግን እንደ አውቶቡሱ ፕሮፌሰር ፊት፣ ዘበኛና ሠራተኛ ኋላ ከሆነ፣ መጋዘኑን ከነአይጡ ይያዙት።»

«ወንበሩን ክብ እናደርገዋለን።»

«ሻዩንም እያንዳንዱ ለራሱ ተነሥቶ ይቅዳ።»

«እኔም?»

«እርስዎ በተለይ!»

«እቀዳለሁ። መፍቻ ስይዝ እንጂ ማንቆርቆሪያ ስይዝ አላየኸኝም» አሉ ዶክተሩ። «የመጀመሪያውን ሐሙስ በምን እንክፈተው?»

ቀንዲል መልሱን ሳያስብ ነበር የያዘው።

«በሸለቢ። ልጁ ይጠራ። እዚያ በሩ ላይ ይቁም፤ እኛ ደግሞ በየተራ እጁን እንጨብጠው። የዘገየ ለቅሶ ከቀረ ለቅሶ ይሻላል። መሐላዬንም ኡም ሐናን ራሷ ትፈታልኛለች፤ ቡናዋን የቀዳው እሱ ነው።»

እስከ ሐሙስ ድረስ ቀንዲል ያላንኳኳው በር አልነበረም። ለእያንዳንዱ ሹፌር፣ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የሸለቢን ልጅ ጥያቄ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ መለመን አላስፈለገውም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ የተተኮሰ ጃኬቱን ለብሶ፣ ከኋላው የሽበት ሠልፍ አስከትሎ በሩ ላይ ደረሰ። ዶክተር ፊክሪ በአውቶቡስ መሄዱን ትተው በእግር አብረውት ነበሩ። አዲስ ከረባት አሥረዋል፤ ቀንዲልም አየው፤ ከእሱ የተሻለ መሆኑንም ልቡ አልካደም። ዐጥዋ ከዘበኛ ቤቱ ብቅ አለ።

«አቤት አቤት! ሐጂ ዛሬ ደግሞ መላውን ሆስፒታል ይዘው መጡ?»

ተማሪዎች ዞር አሉ። ቀንዲል ለዚህች ቀን የሚሆን መልስ ዓመት ሙሉ ሲስል ከርሟል። የዐጥዋን እናት ዕንባ የሚጠራ፣ ኮፍያውን ከነራሱ የሚያወልቅ፣ ዲያብ ሰምቶ ያጨበጨበለት መልስ ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ከዐጥዋ ትከሻ በላይ፣ ከግቢው መንገድ ማዶ፣ የዘር መጋዘኑ በር ተከፍቶ ይታያል። ደፉ ላይ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ ብቻውን ቆሟል። አቋቋሙ ቁርጥ ሸለቢን ነው። ወደ በሩ እያየ፣ የሚመጣ ሰው መኖሩን ገና ሳያምን፣ ቀኝ እጁን ሸሚዙ ላይ ያብሳል።

ቀንዲል ዐጥዋን አንድ ጊዜ አየው። ከዚያ መልሱን እንደ ያዘ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ በአጠገቡ አልፎ ወደ ልጁ ሄደ።